የሐዋሳ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፦ ወላጆችና ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ልጆቼን ሐዋሳ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተማርኩ ወላጅ ነኝ፤ በየስብሰባው፣ በየቡና ስኒው ዙሪያና ታክሲ ውስጥ ሳይቀር የሚጠየቁትን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው አሁን ከስንተኛ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?

ከ9ኛ እስከ 12ኛ። በአዲሱ አወቃቀር ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ነው። የቀረው አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። ብዙ ወላጅ የሚደናገረው የራሱን ጊዜ እያሰበ ነው። ያኔ 10ኛ ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ያለፈው መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈው ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ቀርቷል።

ስለዚህ ልጁ 8ኛ ላይ ክልላዊውን ፈተና፣ ሚኒስትሪ የምንለውን ማለት ነው፣ ካለፈ በኋላ እስከ 12ኛ ከውጭ የሚመጣ ትልቅ ፈተና አያገኘውም። በ16 ዓመቱ መንገዱ የሚዘጋበት ልጅ መቀነሱ ደስ ይላል። ግን ልጁ ወደኋላ መቅረቱን የሚነግራችሁ ነገር አራት ዓመት ሙሉ ላይኖር ይችላል። ይህን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ልብ በሉት።

የፈለግነውን ትምህርት ቤት መምረጥ እንችላለን?

ብዙውን ጊዜ ልጁ የሚመደበው በሚኖርበት አካባቢ ነው። ከዚያ ውጭ የምትፈልጉት ካለ መሸኛ አውጥታችሁ፣ የሚቀበላችሁ ትምህርት ቤት ቦታ እንዳለው አረጋግጣችሁ ነው የምትሄዱት። ስም አለው የሚባለው ትምህርት ቤት ቶሎ ይሞላል። መስከረም ከገባ በኋላ በር ላይ ቆሞ መለመን አድካሚ ነው። የ8ኛ ክፍል ውጤት እንደወጣ ክረምቱ ሳያልቅ ጠይቁ።

ስትመርጡ ርቀቱንም አስቡ። ከከተማው ዳር ካለው ከቱላ በኩል ወይም ከአላሙራ ተራራ ግርጌ ተነስቶ መሀል ከተማ የሚማር ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ባጃጅ ይከፍላል። በወር ሲደመር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ ያልቅና በእግር ይጀምራል፣ ያረፍዳል፣ በሩ ይዘጋበታል። ጎረቤት ያለው፣ በስሙ መካከለኛ የሆነ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩቅ ካለው ስመ ጥር የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ክፍያ አለ?

የትምህርት ክፍያ የለም። ግን ነጻ ነው ብላችሁ ባዶ ኪስ አትሂዱ። ዩኒፎርም አለ፣ ደብተር አለ፣ የፎቶ ኮፒ ወጪ አለ። በወላጆች ጉባኤ ተስማምተው የሚያዋጡት ገንዘብም አለ። መዋጮው ለጥበቃ፣ ለዴስክ ጥገና፣ አንዳንዴም ለክፍል ግንባታ ይውላል።

መዋጮ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለም በጉባኤው ላይ ጠይቁ። ይህ ነውር አይደለም፣ መብት ነው። አቅም የሌለው ወላጅ ደግሞ ተደብቆ ልጁን ከሚያስቀር ቀድሞ ርዕሰ መምህሩን ወይም ኮሚቴውን ቢያናግር ይሻለዋል። በመዋጮ ምክንያት ከትምህርት የሚቀር ልጅ መኖር የለበትም።

የፈረቃ ትምህርት ምን ማለት ነው? ልጄን ይጎዳዋል?

ተማሪው ብዙ፣ ክፍሉ ጥቂት ሲሆን ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት ይማራል። ፈረቃው በየጊዜው ይቀያየራል። ስለዚህ የልጁ ቀን ግማሹ ባዶ ነው። ጉዳቱም ጥቅሙም ያለው እዚያ ባዶ ግማሽ ቀን ላይ ነው።

የከሰዓት ፈረቃ የሆነ ልጅ ጠዋት ተኝቶ ያረፍዳል፤ ቁርስና ምሳውን አንድ ላይ በልቶ ይወጣል። ሐዋሳ ላይ ከቀትር በኋላ ያለውን ሙቀት የምታውቁት ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚማር ልጅ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ዓይኑን መግለጥ ራሱ ትግል ነው። የጠዋቱ ደግሞ ተምሮ ወጥቶ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወይም ፑል ቤት ይውላል። ቤት ውስጥ አንድ ቋሚ የጥናት ሰዓት ካለ ግን ፈረቃ ዕድል ነው። ሁለታችሁም ሥራ የምትውሉ ከሆነ ልጁ በእነዚያ ሰዓታት የት እንደሚሆን ከመስከረም ጀምሮ ተነጋገሩበት።

መጽሐፍ ይሰጣቸዋል?

ይሰጣል፣ ግን ለሁሉም አይዳረስም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ እጥረት በመላ አገሪቱ ታይቷል። አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት መያዝ የተለመደ ነው። ተማሪዎች መፍትሔውን ቀድመው አግኝተውታል፤ የመጽሐፎቹ ሶፍት ኮፒ በቴሌግራም ይዘዋወራል፣ በስልክ ያነቡታል።

በስልክ ማንበብ ግን ችግር አለው። መጽሐፉ ላይ አንድ ገጽ ሳይገለጥ ቲክቶክ ይከፈታል። ከቻላችሁ ቢያንስ የሒሳብና የእንግሊዝኛውን አሳትማችሁ ጠርዙላቸው። ሦስት ጎረቤት ወላጆች ተባብረው አንድ ስብስብ ቢያሳትሙ ወጪው ይቀላል።

ትምህርቱ በምን ቋንቋ ነው?

ከቋንቋ ትምህርቶቹ በቀር በእንግሊዝኛ ነው። ከታች በአማርኛ ወይም በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) የጀመረ ልጅ እዚህ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ለማስረዳት ወደ አማርኛ ይገባል፣ ልጆቹም ይረዱታል። ፈተናው ላይ ግን አማርኛው የለም። 9ኛ ክፍል ላይ ውጤቱ ድንገት የወረደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሰነፈ አይደለም። ጥያቄው አልገባውም። «ሰነፍክ» ከማለታችሁ በፊት ጥያቄውን በአማርኛ ንገሩትና መልሱን ስሙ።

አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ ይቀመጣል?

መስፈርቱ ለሁለተኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ይላል። በተግባር ከተማ ውስጥ ባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ60 በላይ ማየት አያስገርምም። አስቡት፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ስም ጥሪ፣ ሰሌዳ ማጥፋት፣ ዝምታ ማስፈን ሲቀነስ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም።

በአንድ የወላጆች ቀን ክፍል ውስጥ ገብቼ የልጄ ቦታ ላይ ተቀምጬ ነበር። ለሁለት የተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት ይቀመጣሉ። የመሀለኛው ክርኑን ማሳረፊያ የለውም። ሰሌዳው መሀሉ ተልጦ ስለነበር መምህሩ በግራና በቀኝ ጠርዝ ነው የሚጽፈው። ከኋላ በስተቀኝ የተቀመጠ ልጅ በግራ ጠርዝ ያለው ጽሑፍ አይታየውም። ያን ቀን ነው የልጄ ደብተር ለምን ግማሽ ግማሽ እንደሆነ የገባኝ። ስለዚህ ልጃችሁን «የት ነው የምትቀመጠው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓይኑ የሚደክም ልጅ ከሆነ ሆም ሩሙን (የክፍሉን ኃላፊ መምህር) አነጋግሩ፤ ቦታ መቀየር ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ አንድ ትምህርት ቤት ወላጆች የሚሉትና ተማሪዎች የሚሉት ለምን ይለያያል?

የሚያዩት ስለሚለያይ ነው። ወላጅ የሚያየው በሩን ነው፤ ዩኒፎርም ይጠብቃሉ ወይ፣ ያረፈደ ይቀጣል ወይ፣ ዘንድሮ ስንት አሳለፈ። «እዚያ ትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት አለ» ካለ ወላጁ ረክቷል። ተማሪው ግን ውስጡን ያያል። የፊዚክስ መምህሩ ይገባል ወይስ አይገባም። ላብራቶሪው ተከፍቶ ያውቃል ወይ። ላይብረሪው ከሰዓት ክፍት ነው ወይ። ሽንት ቤት ውሃ አለው ወይ። ማን ማንን ይደበድባል።

ጎረቤቴ የሆነች የ11ኛ ክፍል ልጅ ትምህርት ቤቷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ገለጸችልኝ፦ «ኬሚስትሪ ቲቸር ካለ አሪፍ ነው፣ ከሌለ ግን ዝም ብለን ነው የምንውለው።» ያን ያህል ጥርት ያለ መረጃ ከወላጅ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱንም ስሙ። ስለ ደኅንነትና ስለ ሥነ ሥርዓት የወላጁ ቃል ሚዛን ይደፋል። ስለ ማስተማሩ ግን ተማሪውን እመኑ። ስትጠይቁት «ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው?» አትበሉት፣ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋችኋል። «ትናንት ስንት መምህር ገባ?» በሉት።

የመንግሥት መምህራን ጥሩ ናቸው?

ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ብዙዎቹም በላዩ የማስተማር ሙያ ሥልጠና ወስደዋል፤ ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸውም ጥቂት አይደሉም። ትምህርቱን በማወቅ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከመንግሥት መምህራን አይበልጡም። እንዲያውም በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች በትርፍ ሰዓት የሚያስተምሩላቸው እነዚሁ የመንግሥት መምህራን ናቸው።

ችግሩ ያለው ኑሮው ላይ ነው። የመምህር ደመወዝ ከቤት ኪራይ ጋር ሲታይ የሚያወላዳ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ ከፈረቃው ውጭ ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ይደክማል፣ አንዳንዱም ይቀራል። የሚቀር መምህር መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ጠዋት ስድሳ፣ ከሰዓት ስድሳ ልጅ አስተምሮ ማታ የፈተና ወረቀት የሚያርም ሰውም አለ። እሱን ስታገኙት አመስግኑት። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለክስ ብቻ ከሆነ መምህሩ ወላጅ ባየ ቁጥር ፊቱ መጥቆሩ አይቀርም።

ትምህርት ቤቱ በ12ኛ ክፍል ስንት እንዳሳለፈ አይቶ መፍረድ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ቁጥሩን ማንበብ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የአገሪቱን መልክ እዩ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የፈተና ስርቆትና ኩረጃ አገር ያወቀው ችግር ነበር። በ2008 ዓ.ም የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን የምታስታውሱ አላችሁ። ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር እውነቱ ወጣ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዙር 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ 3.2 በመቶ ሆኑ፤ የ2016 ተፈታኞች 5.4 በመቶ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ያላሳለፉበት ዓመት አለ።

ስለዚህ «አምስት ብቻ ነው ያሳለፈው» ሲባል ከስንት እንደሆነ ጠይቁ። አምስት ከ80 እና አምስት ከ600 አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ተማሪ መርጦ የሚቀበል ነው ወይስ የመጣውን ሁሉ? በፈተና መርጦ፣ አሳድሮ የሚያስተምር ትምህርት ቤት መቶ በመቶ ቢያሳልፍ ጎበዝ ተቀብሎ ጎበዝ አስወጣ ማለት ነው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የሚቀበል ትምህርት ቤት አሥር ካሳለፈ አሥሩም የእሱ ልፋት አለባቸው። ሦስተኛ፣ የአንድ ዓመት ውጤት አይበቃም፣ የሦስት ዓመቱን ጠይቁ። በአንድ ዓመት ሁለት ጎበዝ ልጆች የትምህርት ቤቱን ስም ሊያስነሱት ይችላሉ።

50 ያላመጣ ልጅ አለቀለት ማለት ነው?

አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ሬሜዲያል የሚባል መንገድ አለ። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው መቁረጫ ነጥብ መሠረት ከ50 በታች ያመጡ የተወሰኑ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ገብተው የማካካሻ ትምህርት ይወስዳሉ፤ ያንን ሲያልፉ ወደ መጀመሪያ ዓመት ይገባሉ። እንደገና በግል መፈተንም ይቻላል። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ ጥሩ የኤሌክትሪክና የብየዳ ባለሙያ በዚህ ከተማ ሥራ አያጣም። ውጤት በወጣ ሳምንት ግን ልጁን ብቻውን አትተዉት። ያኔ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ልጄ ካርዱ ላይ 90 ነበረው፣ ማትሪክ ላይ ግን ወደቀ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ብዙ እናት ካርዱን በፌስታል ይዛ መጥታ «እንግዲህ ውሸት ነበር?» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፣ ግን ካርዱና ማትሪክ፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል አገር አቀፉ ፈተና፣ የሚለኩት ነገር የተለያየ ነው።

ካርድ ላይ ያለው ውጤት ከቴስት፣ ከአሳይመንት፣ ከግሩፕ ወርክ፣ ከደብተር፣ ከሚድና ከፋይናል የተደመረ ነው። በግሩፕ ወርክ አንዱ ይሠራል፣ ስድስቱ ስም ያስገባሉ፣ ሰባቱም እኩል ያገኛሉ። አሳይመንት ከጓደኛ ይገለበጣል። ፋይናሉን የሚያወጣው ያስተማረው መምህር ራሱ ስለሆነ ያላስተማረውን አይጠይቅም፤ ምዕራፉ ካልተሸፈነ ፈተና ላይም አይመጣም። ማትሪክ ግን ከ12ኛ ክፍል ብቻ አይወጣም፤ ከታች ክፍሎችም ይመጣል። ሳይሸፈን የታለፈው ምዕራፍ እዚያ ይጠብቀዋል። የሚኮርጀው ጓደኛም አጠገቡ የለም።

ለራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። የድሮ የማትሪክ ወረቀቶች በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በጥራዝ ይሸጣሉ፣ በቴሌግራምም አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ስልኩን ተቀበሉት። ሰዓት ያዙበት፤ አንድ የሒሳብ ወረቀት በተሰጠው ደቂቃ ይሥራ። ከዚያ አብራችሁ አርሙ። ይህን 9ኛ ክፍል ላይ ባይሆን እንኳ 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ጀምሩት። የሚወጣው ቁጥር ዝቅ ያለ ቢሆን አትቆጡ። 12ኛ ላይ ከምታውቁት አሁን ማወቃችሁ ሁለት ዓመት ይሰጣችኋል።

ቲቶሪያል ማስገባት አለብኝ?

ሁሉም ልጅ አያስፈልገውም። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ራሱ ቅዳሜ ወይም ከፈረቃ ውጭ የሚሰጠውን ማጠናከሪያ ይጠቀም፤ ነጻ ስለሆነ ብዙ ተማሪ ይንቀዋል። የግል አስጠኚ የምትቀጥሩ ከሆነ በአንድ ወይም ሁለት ትምህርት ይሁን። በስድስቱም ትምህርት አስጠኚ ያለው ልጅ ራሱ የሚያጠናበት ሰዓት የለውም። የክፍሉ መምህር በክፍያ ላስጠናው ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ። ማርክ ከጥናቱ ጋር ይያያዛል፣ ሌላው ልጅም ያዝናል።

ናቹራል ይግባ ወይስ ሶሻል?

ምርጫው 11ኛ ክፍል ላይ ነው። ናቹራል ከሒሳብና እንግሊዝኛ ጋር ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ አለው፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርናም ገብቷል። ሶሻል ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ አለው። ከተማችን ውስጥ ጎበዝ ሁሉ ናቹራል፣ ሰነፍ ሁሉ ሶሻል የሚል አስተሳሰብ አለ። ብዙ ልጅ አበላሽቷል። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስና አካውንቲንግ የሚመጡት ከሶሻል በኩል ነው። ሶሻል ገብቶ ከሒሳብ የሚያመልጥም የለም፤ ሒሳብ እዚያም አለ።

ለመወሰን የልጁን የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ ውጤት እዩ። ትምህርት ቤቱ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህር በቋሚነት እንዳለውም ጠይቁ። መምህር የሌለው ናቹራል ውስጥ ገብቶ ዓመቱን ዝም ብሎ ከሚውል፣ መምህር ያለው ሶሻል ውስጥ ቢማር ይሻላል።

ለሴት ልጅ ደኅንነቱ እንዴት ነው?

በግቢው ውስጥ ካለው ይልቅ በመንገዱ ላይ ያለው ያሳስበኛል። የከሰዓት ፈረቃ ሲለቀቅ መንገዱ በአንዴ በተማሪ ይሞላል። ባጃጆች ይደረደራሉ። የማይማሩ ጎረምሶች በር ላይ ይቆማሉ። ልጅቷ ከሁለት ከሦስት የሰፈር ልጆች ጋር አብራ እንድትሄድ አድርጉ። የሚያስቸግራት ሰው ካለ በመጀመሪያው ቀን እንድትነግራችሁ ከአሁኑ አስለምዷት፤ ለዚህ ደግሞ ስትነግራችሁ «አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» አለማለት ያስፈልጋል።

ማንም የማያወራው ደግሞ ሽንት ቤቱ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የሴቶቹ ሽንት ቤት ውሃ አልነበረውም፣ የሁለቱ በር መቀርቀሪያም ወልቋል። ሴቶቹ በወር አበባቸው ቀን ይቀሩ ነበር። በስም ጥሪ ደብተሩ ላይ በየወሩ ቀሪ ተብለው ይመዘገባሉ፤ ለምን እንደሚቀሩ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ነገሩን ያነሱት እናቶች ናቸው። ተዋጥቶ ሮቶ ተገዛ፣ መቀርቀሪያው ተሠራ። ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ቢሮውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ እናቶች፣ የሴቶቹን ሽንት ቤት ገብታችሁ እዩ። ስለ አስተዳደሩ ከማንም ሰው የበለጠ ይነግራችኋል።

ቅሬታ ካለኝ ለማን ልናገር? ልጄን አይበቀሉብኝም?

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ሆም ሩም፣ ቀጥሎ ዩኒት መሪው፣ ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህርና ርዕሰ መምህር። ካልተፈታ ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት አለ። ከዚያ በላይ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና የከተማው ትምህርት መምሪያ ነው። ከመምሪያው የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ «ትምህርት ቤቱን አናግረሃል?» ተብሎ ይመለሳል።

በቀሉ የሚፈራው በከንቱ አይደለም። «ልጅህ እጄ ላይ ነው» የሚል ዓይን ያለው መምህር አጋጥሞኛል። መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ስትናገሩ ሰውየውን ሳይሆን ነገሩን ተናገሩ፤ «መምህሩ ሰነፍ ነው» ሳይሆን «በዚህ ወር 10ኛ ሀ ክፍል ፊዚክስ ስድስት ቀን አልገባም፣ ቀኖቹ እነዚህ ናቸው» በሉ። ሁለተኛ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። ከአንድ ክፍል አራት ወላጅ አብሮ ከሄደ የማን ልጅ እንደተናገረ አይታወቅም፣ ጉዳዩም የክፍሉ ይሆናል። በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ።

የግል ይሻላል ወይስ የመንግሥት?

ለሁሉም የሚሆን መልስ የለውም። ግን የምታነጻጽሩትን ነገር ለይታችሁ አነጻጽሩ። የግሉ ክፍል ውስጥ ልጅ ያንሳል፣ መምህር ይቀራል የሚለው ስጋትም ይቀንሳል፣ ወላጅ ይጠራል። የመንግሥቱ ሰፊ ግቢ አለው፤ መምህራኑ ብዙ ጊዜ ልምድ አላቸው፤ ልጁም ከሁሉም ዓይነት ቤት ከመጣ ልጅ ጋር ይኖራል። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛ ልጅም፣ ከነጋዴው ልጅም፣ ከቱላ ገበሬ ልጅም ጋር። እኔ ለልጆቼ ይህን እንደ ትምህርት ነው የቆጠርኩት።

ለግል የምትከፍሉት ገንዘብ ከቤት ውስጥ ሰላም የሚያሳጣችሁ ከሆነ አትክፈሉ። በየወሩ በክፍያ ምክንያት አባትና እናት የሚጣሉበት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ የትም ቢማር አይማርም። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱን ለመጽሐፍ፣ ለመብራትና ለአንድ ጥሩ አስጠኚ ብታውሉት የመንግሥቱን ጉድለት በደንብ ይሸፍናል። አቅሙ ካላችሁና ልጁ በብዙ ሰው መሀል የሚጠፋ ዓይነት ከሆነ ግን የግሉን አስቡበት።

ልጄ «ይቀየርልኝ» እያለ ነው። ልስማው?

ስሙት፣ ግን ወዲያው አትቀይሩት። ጥያቄው ከየት እንደመጣ እወቁ። ጓደኞቹ ስለሄዱ ነው? ፍቅር ነገር አለ? ከመምህር ጋር ተጋጭቷል? ወይስ የሚደበድበው ልጅ አለ? የመጨረሻው ከሆነ ቶሎ ተንቀሳቀሱ፤ ዩኒት መሪውን በዚያው ሳምንት አግኙ። ልጁ ሆዱን እያመመው ጠዋት መነሳት ካቃተው፣ ዩኒፎርሙ ተቀዶ ከመጣ፣ ገንዘብ ደጋግሞ ከጠፋበት ነገሩን አታናንቁ።

ሌላው ምክንያት ከሆነ ግን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ታገሡ። ጥር ላይ ካርድ ሲወጣ ተነጋገሩ። በዓመቱ መሀል የሚቀየር ልጅ አዲሱ ትምህርት ቤት ሌላ ምዕራፍ ላይ ደርሶ ያገኘዋል፣ ማርኩም ሲዛወር ይጉላላል። 12ኛ ክፍል ላይ ያለ ተማሪ ደግሞ ለፈተናው የሚመዘገበው በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሆነ ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ መቀየር ትልቅ ራስ ምታት ነው። 12ኛ ላይ ካልባሰ በቀር ባለበት ይጨርስ። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ከሆነ መሸኛውን በሐምሌ አውጡ፤ ከዚያ በፊት ግን የሚቀበላችሁን ትምህርት ቤት ልጁን ይዛችሁ ትምህርት ባለበት በአንድ ተራ ቀን ሄዳችሁ እዩ።